ሌኒንን ቶው ያደረገው ሰው

ብርሃነመስቀል አትላንታ ውስጥ ጭኖ የማያውቀው የመኪና ዓይነት የለም። ጎማው ፈንድቶ ሃይዌይ ዳር የቀረውን፣ ሞተሩ ተቃጥሎ የሰው በር የዘጋውን፣ ባለቤቱ ጥሎት የጠፋውን ሁሉ ፍላትቤድ በሚባለው መኪና ጫኝ ትራኩ ጀርባ ጭኖ ክላርክስተን ወዳለው ግቢ ይወስደዋል። ግቢውን የያዙት ከዑስማን ጋር በሽርክና ነው። ዑስማን ስልክ ያነሳል፣ መኪናቸው ከተወሰደባቸው ሰዎች ጋር በአራት ቋንቋ ይጨቃጨቃል፤ ብርሃነመስቀል ደግሞ ይነዳል። «ሥራህ ምንድን ነው?» ሲሉት «ቶው አደርጋለሁ» ይላል፤ ከዚያ በላይ ማብራሪያ አስፈልጎት አያውቅም።

ቤቱ ስኔልቪል ነው። ሚስቱ ማራኪ ነርስ ናት። አባቷ ጋሽ ፊልጶስ አብረዋቸው ይኖራሉ። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ሉሊት ትባላለች፣ ሃይስኩል ናት፣ አፏ አያርፍም።

ነገሩ የተጀመረው እራት ላይ ነው።

«አባ፣ ሳይን አፕ አድርጌሃለሁ» አለች ሉሊት፣ ድንች እየጎረሰች።

«ለምኑ?»

«ለክበባችን። ጌስት ስፒከር ነህ።»

ክበባቸው የፀረ ኮሚኒስት ተማሪዎች ክበብ ይባላል። አምና ሲቋቋም አባላቱ ለፒዛው የመጡ ጥቂት ልጆች ነበሩ። ዘንድሮ ግን ነገሩ መረር ብሏል። ማዲሰን የምትባል ድምፀ ጎርናና ልጅ ፕሬዚዳንት ናት፤ ሉሊት ምክትሏ። በኮሚኒስት መንግሥታት እጅ ያለቁትን ሰዎች ለማሰብ በትምህርት ቤቱ ሣር ላይ ትናንሽ ባንዲራ ይተክላሉ። ኮሪደር ላይ ፖስተር ይለጥፋሉ፤ ሌሎች ልጆች ይገነጥሉታል፤ እነሱ መልሰው ይለጥፉታል። በዓመት አንድ ቀን ደግሞ ትልቅ ፕሮግራም አላቸው።

«እና ምን ብዬ ነው የምናገረው?» አለ ብርሃነመስቀል።

«ሌኒንን እንዴት እንደጣልከው።»

ብርሃነመስቀልን የጎረሰው ትን አለው። ማራኪ ጀርባውን መታ መታ አደረገችው።

«እኔ ነኝ ሌኒንን የጣልኩት?»

«አዲስ አበባ። ላይክ፣ ስታቹውን። አንተ ነህ የነገርከኝ።»

«ሲወድቅ እዚያ ነበርኩ ነው ያልኩሽ! መጣልና እዚያ መሆን አንድ ነው እንዴ?»

«አባ፣ የጣለው ክራውዱ ነው። አንተ ክራውዱ ውስጥ ነበርክ። ሶ?»

ጋሽ ፊልጶስ መሐረባቸውን አጠፉና «ልጅቷ እውነቷን ነው» አሉ። «ምናልባት አንተ ባትጨመርበት ኖሮ ይቆም ነበር። ማን ያውቃል?»

«ጋሼ፣ እርስዎም?»

«ደግሞ» አለች ሉሊት፣ ትልቁን ወሬ ለመጨረሻ አስቀርታው ኖሯል፣ «የማዲሰን አባት ሌኒን እየሠራልን ነው። ቢግ! ሜዳው ላይ አቁመነው፣ በገመድ ስበን እንጥለዋለን።»

ጋሽ ፊልጶስ ሹካቸውን አስቀመጡ።

«ሌኒን? እዚህ? ስኔልቪል?»

«የስ፣ አባባ።»

«እኔም እመጣለሁ» አሉ። «ከፊት ወንበር ያዢልኝ።»

ጋሽ ፊልጶስ በደርግ ዘመን ናዝሬት ውስጥ የጤና ረዳት ነበሩ። ጴንጤ ናቸው። አንድ ቀን በቀበሌ ስብሰባ ላይ ሰው ሁሉ ግራ እጁን ጨብጦ መፈክር ሲያሰማ እሳቸው እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው ቆሙ። ለምን ሲባሉ «እጄን የማነሳው ለአምላኬ ብቻ ነው» አሉ። በዚያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ከዓመት በላይ ታሰሩ። ማራኪ የተወለደችው እሳቸው እስር ቤት ሳሉ ነው። ሉሊት ክበቡ ውስጥ የገባችው በእሳቸው ምክንያት ነው፤ ፒዛውንም አልጠላችውም።

ልጆቹ ግን ኮሚኒዝምን የማያዩበት ቦታ የለም። የኬሚስትሪ መምህራቸው የቡድን ሥራ ሲሰጡ፣ አንዱ ሠርቶ አምስቱ ኤ ስለሚያገኙ፣ «ይሄ ኮሚኒዝም ነው!» ብለው አቤቱታ አቅርበው ነበር። ሉሊት ይህን ስትነግራቸው ጋሽ ፊልጶስ ፂማቸውን አሻሹ። «ኮሚኒዝም ይሄ ብቻ ከሆነ እኔ ያን ሁሉ ጊዜ ምን ሆኜ ታሰርኩ?» አሉ። ያም ሆኖ ሉሊት ወንበሩን ያዘችላቸው።

ቀኑ አርብ ነበር። ማታ የአሜሪካ ፉትቦል ጨዋታ ስላለ ዳይሬክተሯ ፕሮግራሙን የፈቀዱት በአንድ ቅድመ ሁኔታ ነው፤ አሰልጣኙ ሜዳውን ሲፈልገው ሌኒን ቆሞም ይሁን ወድቆ እዚያ እንዳይገኝ። ማራኪ ሥራ ነበረባት። «አባቴን ብርድ እንዳታስመቱብኝ» ብላ ኮታቸውን ራሷ ቆልፋላቸው ሄደች።

ብርሃነመስቀል ከሥራ በቀጥታ በፍላትቤዱ መጣ። ትራኩን ከአጥሩ ጎን ፓርክ አድርጎ፣ አማቱን ደግፎ ሲገባ ሌኒንን ከሩቅ አየው። ሁለት ሜትር ተኩል ይሆናል። ግራጫ ቀለም ተቀብቷል፤ ራሱ መላጣ፣ ፂሙ ሹል ነው፤ ኮቱ ነፋስ እንደመታው ወደ ኋላ ተገልብጧል። ቀኝ እጁን ዘርግቶ የጎሉን ብረት ያመለክታል።

«ይመስላል» አሉ ጋሽ ፊልጶስ። «ጆሮው ብቻ ትንሽ ተለቀ።»

የሠራው የማዲሰን አባት ዴኒስ ነው። ዴኒስ የሰው ጓሮ ውስጥ የእንጨት ሰገነት የሚሠራ ኮንትራክተር ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ እርሳስ ከጆሮው የማይለይ። ብርሃነመስቀል ሐውልቱን ዞሮ አየው። የቆመበትን ወፍራም የግንድ መሠረት በእግሩ ገፋ አደረገው። አልተነቃነቀም። ደረቱን በጣቱ አንኳኳ።

«ውስጡ ምንድን ነው?» አለው።

«ፌሮ ብረት። ላዩ ፎም ነው። እግሩን ከመሠረቱ ጋር በትላልቅ ብሎን አስሬዋለሁ። ነፋስ ቢመጣስ? ልጆች አሉ።»

«እንዲወድቅ አይደል እንዴ የተፈለገው?»

ዴኒስ ደረቱን ነፋ። «ጌታዬ፣ እኔ የሠራሁት ነገር ወድቆ አያውቅም» አለ። ያለው ነገር የገባው ከተናገረው በኋላ ይመስላል፤ ቀና ብሎ ሌኒንን አየና እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ።

ጊዜ አልነበረም። ተማሪው መቀመጫውን ሞልቷል፤ ግማሹ ለሌኒን፣ ግማሹ ከክፍል ለመውጣት። አጥሩ ጥግ ላይ ደግሞ ቀይ ካኔተራ የለበሱ ሦስት ልጆች ካርቶን ይዘው ቆመዋል። የሶሻሊስት ውይይት ክበብ ናቸው፤ ሦስቱ መላው ክበቡ ነው። መሪያቸው ኢታን፣ ቀጭን ባለመነጽር ልጅ፣ ኬሚስትሪ ላይ የሉሊት የቤተ ሙከራ ጓደኛ ነው፤ ስታልፍ እጁን አውለበለበላት፤ እሷም አውለበለበችለት፤ ከዚያ ሁለቱም ጠላት መሆናቸው ትዝ አላቸውና እጃቸውን አወረዱ።

ማዲሰን ማይኩን ይዛ «ሌኒንን በገዛ እጁ የጣለው ሰው!» ብላ ስትጮህ ብርሃነመስቀል ምድር ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ወጣ። እንግሊዝኛው ከባለመኪና ጋር ለመነጋገር ይበቃል እንጂ ለንግግር ተብሎ የተማረው አይደለም።

«እኔ አልጣልኩትም» አለ በእንግሊዝኛ። «እንደናንተ ልጅ ነበርኩ። ፕሬዚዳንቱ አገር ጥሎ ሸሽቷል። ሌኒን ሊወርድ ነው ሲሉ ሰምቼ ሮጥኩ። አዲስ አበባ የነበረው ሌኒን አንድ እግሩን ወደ ፊት አንስቶ ነበር የቆመው፤ ሰው ሁሉ ‹እሱም ወደ ኤርፖርት እየሄደ ነው› እያለ ይቀልድበት ነበር። ስደርስ ሰው ከሰው በላይ ነው። ከፊቴ አንድ ወፍራም ሰውዬ ቆሞ ነበር፤ ያየሁት የእሱን ማጅራት ነው። ድንገት ሁሉም ጮኸ። እኔም ጮህኩ። ሲበተኑ አንድ ጫማዬ የለም።»

ተማሪው በሳቅ ፈነዳ። ብርሃነመስቀል ደነገጠ፤ ከዚያ ደስ አለው። «በአንድ ጫማ ነው ቤቴ የገባሁት» ብሎ ጨመረበት። «ግን በዚያን ቀን መንገድ ላይ የማላውቀው ሰው ሁሉ አቅፎኛል። እንደዚያ ያለ ቀን ይስጣችሁ።» ጭብጨባው እስኪያልቅ ድረስ ወደ ቦታው መመለስ ረሳ።

ቀጥለው ጋሽ ፊልጶስ ተነሱ፤ ሉሊት አጠገባቸው ቆማ ተረጎመች። እሳቸው አላስረዘሙም። ለምን እንደታሰሩ ተናገሩ። እስር ቤት ውስጥ መዝሙር ክልክል ስለነበር በአፍንጫቸው ብቻ ያንጎራጉሩ እንደነበር፣ አንድ ዘበኛ መጥቶ «ዝም በሉ!» እንዳላቸው፣ ማግስቱን ደግሞ ያው ዘበኛ በሩ ላይ ቆሞ ያንኑ ዜማ ሲያንጎራጉር እንደሰሙት ነገሯቸው።

«ሐውልት ላይ ቂም የለኝም» ብለው ጨረሱ። «ሲወድቅ ማየት ግን አልጠላም።»

ሉሊት ይህንን ስትተረጉም ተማሪው በእግሩ ወለሉን ደበደበ። ቀይ ካኔተራ የለበሱትም አጨበጨቡ።

ገመዱ በሌኒን ደረት ዙሪያ ታሰረ። የክበቡ ልጆች ተሰለፉ። «አንድ! ሁለት! ሦስት!» አለች ማዲሰን። ሳቡ። ሌኒን የጎሉን ብረት እያመለከተ ቆመ። እንደገና ሳቡ። አንድ ልጅ ብቻ ተንሸራቶ በቂጡ ተቀመጠ።

«ተጨማሪ ሰው!» አለች ማዲሰን። መምህራን መጡ። የፉትቦል ቡድኑ መጣ፤ አንዳንዱ ልጅ በሬ ያክላል። ገመዱ እንደ ክራር ጅማት ተወጠረ፣ ጮኸ፣ ከዚያ ጧ! ብሎ ተበጠሰ። መምህሩ፣ ተማሪው፣ አጥቂው፣ ተከላካዩ፣ ሁሉም ወደ ኋላ ተዘርግተው አንዱ በአንዱ ላይ ተከመሩ። ሌኒን ፀጉር የሚያህል አልተነቃነቀም፤ ፀጉርም አልነበረውም።

ያኔ ነው ኢታን ያደረገውን ያደረገው። አጥሩ ላይ ወጥቶ «ሌ-ኒን! ሌ-ኒን!» አለ። ሁለቱ ጓደኞቹ ተቀበሉት። መቀመጫው ላይ ያለው ተማሪ፣ ማን ከማን ጋር እንደሚጋጠም ግድ ያልነበረው፣ ብቻውን ቆሞ ቡድን የሚያሸንፍ ሁሉ ደስ ይለዋልና ተቀላቀለ። ጥቂት ሳይቆይ ሜዳው በሙሉ «ሌ-ኒን! ሌ-ኒን!» እያለ በእግሩ ምት ይመታ ጀመር።

«አይደለም! አይደለም!» ትላለች ማዲሰን በማይኩ። «እሱ መጥፎው ሰውዬ ነው! አቁሙ!»

«ምን እያሉ ነው?» አሉ ጋሽ ፊልጶስ።

«ሌኒን፣ ሌኒን እያሉ ነው» አለ ብርሃነመስቀል።

«እሱንማ ሰምቼዋለሁ፤ አዲስ ነገር የሚሉ መስሎኝ ነው» አሉና ኮታቸውን ሰብሰብ አድርገው ተመቻችተው ተቀመጡ። ዓይናቸው ያበራ ነበር።

አሰልጣኙ ፊሽካውን ነፋ። ፊቱ ቀልቷል። የሚወድቀው ይውደቅ፣ የሚቆመው ይቁም፣ እሱ የሚያውቀው ሜዳው እንዲለቀቅለት ነው። ሉሊት አባቷን አየችው። ማዲሰንም አየችው። ዴኒስ የአባትነት ኩራትና ሐፍረት ተቀላቅሎበት መሬት መሬት ያያል።

«አባ» አለች ሉሊት። «ዊንች አለህ አይደል?»

ብርሃነመስቀል ፍላትቤዱን በበሩ አስገብቶ በሩጫው መም ላይ አቆመው። ሥራው ላይ ሲሆን ሌላ ሰው ነው፤ አይፈራም፣ አይቸኩልም። መኪና ጎትቶ የሚጭንበትን የዊንቹን ገመድ ዘረጋ፤ በሌኒን ደረት ላይ በሰፊ ቀበቶ አሰረው፤ ሰውን ሁሉ አራቀ። ሐሳቡ ግልጽ ነበር፤ ከላይ ሲስበው ወደ ፊት ይደፋል። ቁልፉን ተጫነ።

ዊንቹ አጉረመረመ። ገመዱ ተወጠረ። ሌኒን ተንቀጠቀጠ።

ሌኒን ግን አልወደቀም። መሠረቱ እንደ ሸርተቴ ሣሩ ላይ ተንሸራቶ፣ ሌኒን እንደቆመ፣ እጁን እንደዘረጋ፣ ቀስ ብሎ ወደ ፊት መጣ።

ጋሽ ፊልጶስ በከዘራቸው እየጠቆሙ «ኧረ እየመጣ ነው!» ብለው ጮኹ። አማርኛውን የሰማ ሁለት ሰው ነው፤ የገባው ግን ለሁሉም ነው። ሳቁ ከመቀመጫው ወርዶ ሜዳውን ሞላው። ሌኒን በክብር፣ በዝግታ፣ ኮቱ ወደ ኋላ እንደተገለበጠ፣ የፉትቦል ሜዳውን አቋርጦ ወደ ቶው ትራኩ ይጓዛል። ኢታን መነጽሩን አውልቆ እንባውን ይጠርጋል። ማዲሰን ማይኩን እንደያዘች መሬት ላይ ቁጭ ብላለች፤ ሳቋ በድምፅ ማጉያው ወጥቶ በመንገዱ ማዶ ይሰማል። ዳይሬክተሯ ፊታቸውን በወረቀት ሸፍነው ትከሻቸው ብቻ ይንቀጠቀጣል። የማይስቀው አሰልጣኙ ብቻ ነው፤ «ሣሬን! ሣሬን!» እያለ ከኋላው ይከተላል።

ብርሃነመስቀል ዊንቹን አላቆመም። አሁን ቢያቆመው ሌኒን መሐል ሜዳ ቀረ ማለት ነው። የፍላትቤዱን መጫኛ አልጋ አጋድሞ አወረደና እንደ ማንኛውም የተበላሸ መኪና ስቦ ጫነው። አልጋውን ሲመልሰው ሌኒን ከትራኩ ላይ ቆሞ ስኔልቪልን ቁልቁል አየ። ብርሃነመስቀል ቁመቱን በዓይኑ ለካው፤ ድልድይ ስር ያልፋል። በአራት ቀበቶ ጠፈረው።

«የት ነው የምንወስደው?» አለው ዴኒስን።

«እኔ ቤት አይሆንም» አለ ዴኒስ። «የሰፈሩ ማኅበር የቆሻሻ በርሜል እንኳ ከመንገድ እንዲታይ አይፈቅድም።»

«እንግዲያው እኛ ግቢ።»

ጋሽ ፊልጶስ ከዚህ በኋላ በሌላ መኪና መሄድ የሚባል ነገር አልሰማም አሉ። ደግፈው ጋቢና ላይ አወጧቸው፤ ሉሊት መሐል ገባች። ትራኩ ከበሩ ሲወጣ ሜዳው በሙሉ ቆሞ በጭብጨባና በፉጨት ሸኘው።

መንገዱ አርብ ከሰዓት ነው፤ መኪናው ተጠጋግቶ ይሳባል። ሰው ሌኒንን የሚያይበት ጊዜ በቂ ነበር። አንዲት ሴት፣ የዶሮ ጥብስ ቤት ማስታወቂያ ላይ ያለው ባለፂም ሽማግሌ መስሏት፣ መስኮቷን ዝቅ አድርጋ «አዲስ የዶሮ ጥብስ ቤት ሊከፈት ነው እንዴ?» አለች። አንድ ሽማግሌ ከፒክአፑ ላይ «ሊንከን ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ ሉሊት «ኖ ሰር፣ ሌኒን!» ብትለውም ጆሮው አልያዘለትም መሰል ባርኔጣውን አውልቆ ደረቱ ላይ አድርጎ አለፈ። ሕፃናት ከትምህርት ቤት አውቶቡስ መስኮት እጃቸውን አውለበለቡ። ጋሽ ፊልጶስም በሌኒን ፈንታ መልሰው አውለበለቡላቸው።

ስቶን ማውንቴን አጠገብ ሲደርሱ ከኋላቸው ሰማያዊ መብራት በራ። ብርሃነመስቀል ጥግ ይዞ ቆመ። ፖሊሱ ወጣት ነው። ሌኒንን ከእግር እስከ ራሱ ዞሮ አየውና ወደ መስኮቱ መጣ።

«ሰውየው ማነው?»

«ሌኒን» አለ ብርሃነመስቀል።

«ማን?»

«ኮሚኒስት ነው» አለች ሉሊት። «ለትምህርት ቤት ነው፣ ሰር።»

መልሱ ምንም እንዳላስረዳው ከፖሊሱ ፊት ያስታውቃል። የሚያሳስበውም ሌላ ነገር ነው፤ ጭነቱ እንዳይወድቅ በሚገባ መጠፈሩን ጠየቀ።

ጋሽ ፊልጶስ የልጅ ልጃቸውን በክርናቸው ነካ አደረጉ። «ምን አለ?»

ሉሊት አማርኛዋን ፈለገች። «ሰውየው በደንብ ታስሯል ወይ ነው የሚለው።»

ጋሽ ፊልጶስ ጆሯቸውን ወደ ሉሊት አስጠጉ።

«ታስሯል ወይ አለ?»

«አዎ።»

«ሌኒን?»

«የስ፣ አባባ። ሌኒን ታስሯል ወይ።»

ሳቁ ከሆዳቸው ሥር ነው የመጣው። መጀመሪያ ትከሻቸውን ነቀነቀው፤ ከዚያ ባርኔጣቸውን ጣለው፤ ከዚያ ከዘራቸውን አስለቀቃቸው። በሉሊት ላይ ተሻግረው ወደ ፖሊሱ መስኮት እየተንጠራሩ፣ በአማርኛ፣ በሙሉ ድምፃቸው መለሱለት።

«ታስሯል! በሚገባ ታስሯል ጌታዬ! እኔው ራሴ ምስክር ነኝ!»

ነገሩ አሁን ነው ለሉሊት የገባት። እሷም ፈነዳች። ብርሃነመስቀል መሪው ላይ በግንባሩ ተደፋ፤ ክላክሱ ጮኸ።

«ሽማግሌው ደህና ናቸው?» አለ ፖሊሱ።

«ደህና... ደህና ናቸው» አለ ብርሃነመስቀል፣ እንባው እየወረደ። ፖሊሱም ምን እንደሚያስቀው ሳያውቅ ሳቀ። ቀበቶዎቹን አንድ በአንድ ሳብ ሳብ አድርጎ አይቶ፣ በጥፊ የመኪናውን ጎን መታ አድርጎ አሰናበታቸው።

ጥቂት ከሄዱ በኋላ ጋሽ ፊልጶስ ዓይናቸውን በመሐረባቸው ጠረጉ። «እኔ ስታሰር ታስሯል ወይ ብሎ የጠየቀ አልነበረም» አሉ በዝግታ። ሉሊት እጃቸውን ያዘች፤ የሚያለቅሱ መስሏት ነበር። እሳቸው ግን ቀና ብለው በኋላ መስኮት የሌኒንን ጉልበት አዩና እንደገና ጀመራቸው።

ክላርክስተን ሲደርሱ ዑስማን የግቢውን በር ከፍቶ ቆሟል። ሌኒንን አየው። ምንም አልመሰለውም፤ በዚህ ሥራ ላይ ብዙ አይቷል።

«ይሄስ የት ፓርክ አድርጎ ተያዘ?» አለ።

«ስኔልቪል። የፉትቦል ሜዳ ላይ።»

«ባለቤቱ ይመጣል?»

«ሞቷል።»

«እንደሱ ከሆነ ከኋላ አቁመው።»

ከኋላቸው መኪኖች ተከታትለው ገቡ። ዴኒስና ማዲሰን፣ የክበቡ ልጆች፣ በመጨረሻም በአንዲት አሮጌ ትንሽ መኪና ሦስቱ ቀይ ካኔተራዎች። ኢታን ከመኪናው ሲወርድ «መጨረሻውን ሳናይ እንዴት እንሄዳለን?» አለ። ማንም አልከለከለው።

ዴኒስ መሰርሰሪያውን አወጣ። የሌኒንን እግር የያዙትን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈታ፤ ፊቱ የገዛ ልጁን የሚገርፍ አባት ፊት ነበር። ሲጨርስ ወደ ኋላ ራቅ አለና «አሁን ሕፃን ቢገፋው ይወድቃል» አለ ቅር እያለው።

ሁሉም ጋሽ ፊልጶስን አዩ። ጋሽ ፊልጶስ ደግሞ ኢታንን አዩ።

«ሉሊት፣ ጠይቂልኝ» አሉ። «ወዳጁ አይደለም እንዴ? ለምን አይከላከልለትም?»

ሉሊት ጠየቀችው። ኢታን መነጽሩን ገፋ አደረገ። «እውነት ለመናገር» አለ፣ «እሱ የጻፈውን ገና ግማሹን ነው ያነበብኩት።»

ጋሽ ፊልጶስ ይህ ሲተረጎምላቸው ራሳቸውን በአድናቆት ነቀነቁ። «እኛ አገር የነበሩት ግማሹንም አላነበቡም ነበር» አሉ። «በይው፣ ና፤ አንተም ግማሹን ግፋ።»

በአንድ ወገን ጋሽ ፊልጶስና ሉሊት፣ በሌላው ማዲሰንና ኢታን ሆነው እጃቸውን ሌኒን ጀርባ ላይ አደረጉ። ኢታን ቃሉን ጠብቆ በአንድ እጁ ብቻ ገፋ። ሌኒን አመነታ። ተነቀነቀ። ከዚያ የዘረጋውን እጅ አስቀድሞ፣ ቀጥ እንዳለ፣ በፊቱ ተደፋ። ድምፁ ትልቅ የዳቦ ጆንያ ከፎቅ እንደወደቀ ዓይነት ነበር። ራሱ ተቆርጦ፣ እየነጠረ፣ እየተንከባለለ አንዲት ቶዮታ ሥር ገባ።

«ኧረ ቀስ! የዚያች ባለቤት ነገ ይመጣል!» አለ ዑስማን።

የሰማው አልነበረም። ልጆቹ ይዘላሉ፤ ማዲሰን ኢታንን አቅፋ ታሽከረክረዋለች፤ ዴኒስ እንኳ እያጨበጨበ ነው። ብርሃነመስቀል ዘንድሮ ሙሉውን አየ፤ ከፊቱ ማንም አልቆመም። አማቱን ከመሬት አንስቶ ሲሸከማቸው «አውርደኝ አንተ! አውርደኝ!» ይሉታል፤ ግን አንገቱን ጠበቅ አድርገው ይዘውታል።

ሰኞ ዕለት ዳይሬክተሯ ሐውልት የሚባል ነገር ከእንግዲህ በትምህርት ቤቱ ግቢ እንዳይገባ ከለከሉ። ክበቡ ግን የሚሰበሰብበት ክፍል ጠበበው፤ ግማሾቹ አዲስ አባላት የመጡት ጋሽ ፊልጶስን ለማየት ነው። እሳቸውም ሐሙስ ሐሙስ መሄድ ጀመሩ። የኢታን ክበብ በበኩሉ ጋበዛቸው፤ እዚያም ሄዱ። አባላቱ አራት ስለሆኑ በጣም ተደሰቱ።

በዚያን ዕለት አርብ ግን ማራኪ ከሥራ የገባችው ተቆጥታ ነበር። ቪዲዮውን ያሳያት አንድ ታካሚ ነው፤ ባሏ ሌኒንን ሲጭን፣ አባቷ ከጋቢና እጃቸውን ሲያውለበልቡ። «በዚህ ዕድሜው! በዚህ ብርድ! ሦስታችሁም አእምሮ የላችሁም!» እያለች ምግቡን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠች። ሁሉም ጥፋተኛ መስለው አቀርቅረው ተቀመጡ። ጋሽ ፊልጶስ ማዕዱን ለመባረክ ተነሱ፤ ጸሎታቸው ሁልጊዜ ረጅም ነው፣ ወጡ ሳይቀዘቅዝ አያልቅም።

«አቤቱ ጌታ ሆይ» አሉ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «የታሰሩትን የምትፈታ...»

ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የታሰሩትን የምትፈታ አምላክ...»

ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሉሊት አፏን በናፕኪን አፈነች። ብርሃነመስቀል ጣሪያውን አየ። ማራኪ አንድ ዓይኗን ገልጣ አባቷን አየቻቸው፤ ሰባ ምናምን ዓመታቸው፣ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ጠረጴዛውን ተደግፈው እንባቸው በፂማቸው ላይ ይወርዳል። ከንፈሯን ነከሰች። አልሆነላትም። ከሁሉም ይልቅ ጮክ ብላ የሳቀችው እሷ ነበረች፤ ወጡም ሳይባረክ ቀዘቀዘ።